የአያ ፈረደ ቤት እድሳት

ጡረታ የወጣሁት ታምሜ አይደለም፤ ደንግጬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጉልበቴ ነው» እላለሁ። ጉልበቴማ ከታመመ ቆይቷል፤ እሱን ይዤም የግንበኛ መወጣጫውን ስካፎልድ ስወጣና ስወርድ ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን በአንድ መስኮት በኩል ያየሁት ነገር ነው።

ቶሮንቶ ዳውንታውን ውስጥ አንድ የድሮ የሸክላ ሕንፃ አለ፤ መስኮቶቹ ላይ የድንጋይ ቅስት ያለው፣ ፊቱ ያማረ። የኔ ሥራ በሸክላዎቹ መሐል ያለውን ያረጀ ማያያዣ እየፋቅሁ አውጥቼ በኖራ መሙላት ነበር። ግማሹን እንደጨረስኩ የወንድሜን ልጅ ልድር ኦታዋ ሄጄ የበረዶውን ወራት እዚያው ከረምኩ። ስመለስ በፊት ለፊት በኩል ባለው ስካፎልድ ወጣሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። ውሃ አለቀብኝ። ከውስጥ ልቅዳ ብዬ አንዱን መስኮት ገፋ አድርጌ እግሬን አነሳሁ።

በስመ አብ ወወልድ! ወለል የለም። ክፍል የለም፣ ደረጃ የለም፣ ጣሪያ የለም። ከእግሬ ሥር ያለው መጨረሻው የማይታይ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። እኔ እንደዚያ ተጠንቅቄ የምጠግነው ቤት ከፊቱ በስተቀር የለም፤ ፊቱም በብረት ተደግፎ ነው የቆመው። መስኮቱን ሁለት እጄን አድርጌ ያዝኩት።

ቦሱ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ከታች ሆኖ ሳቀብኝ። «ሪስቶሬሽን እኮ ነው ታዴ! ፊቱ ይቀራል፣ ከኋላው ኮንዶ ይቆማል» አለኝ። ሪስቶሬሽን! በግ አርዶ፣ ሥጋውን በልቶ፣ ቆዳውን አጥር ላይ ሰቅሎ «በጉ ይኸው አለ» እንደማለት ነው። ያን ቀን የግንበኛ ማንኪያዬን አጥቤ ወረድኩ፤ ተመልሼም አልወጣሁም።

ስሜ ታደሰ ነው። እዚህ ሴንት ጄምስ ታውን ያሉ ጓደኞቼ «ታደሰ አዳሹ» ይሉኛል፤ ያበሽቁኛል። እኔ ግን አዳሽ አይደለሁም። ግንበኛ ነኝ፣ ያውም ጠጋኝ። ልዩነቱን ያስተማሩኝ ሰው አያ ፈረደ ይባላሉ፤ የዚህ ሁሉ ወሬ መነሻም መድረሻም የሳቸው ቤት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ነው፣ የነገሥታቱ ግንብ በሚጠገንበት ጊዜ። መጀመሪያ በባሬላ ድንጋይ አመላላሽ ነበርኩ፤ ባሬላ ማለት ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚይዘው የእንጨት ቃሬዛ ነው። አያ ፈረደ የግንበኞቹ አለቃ ነበሩ። አጭር፣ ደረቅ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው። ቶሎ ይቆጣሉ፤ ቶሎም ይረሱታል።

አንድ ግንብ እንዲጠግኑ ሲታዘዙ መጀመሪያ መዶሻ አያነሱም። ባልዲ ደፍተው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ረፋዱን ሙሉ ያዩታል። አንዴ ደፍሬ «ምን እየሠሩ ነው አያ?» ብላቸው፣ «የት እንደሚያመው እያየሁ ነዋ!» አሉና ወደ ውሃው አባረሩኝ። ከዚያ ይነሱና በመዶሻቸው ጀርባ ድንጋዩን ያንኳኳሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከውስጥ የለቀቀው ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን ብቻ በከሰል ምልክት ያደርጉበታል። ምልክት የሌለበትን የነካ ሰው አበሳውን ያያል።

ኖራው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይከርማል፤ ወጥቶ ሲታይ ወፍራም እርጎ ይመስላል። ደህና ከተነፋ አሸዋ ጋር በእግር ይረገጣል እንጂ በአካፋ ተገላብጦ ብቻ አይቀርም። ግንቡ ውሃ ይጠጣል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ማያያዣ መለጠፍ ለአያ ፈረደ ከስርቆት አይተናነስም። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። እኔ ያን ጆንያ ሳርስ ስንት ጊዜ እንደተሰደብኩ!

ጣሊያን በገባ ጊዜ ግንቡን በስሚንቶ ለጥፎት ነበር። ስሚንቶው ጠንካራ ነው፣ ያምራልም። ከጀርባው ያለው ድንጋይ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ ሲያልበው ኖሮ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። አያ ፈረደ ያንን ስሚንቶ በመሮ ሲነቅሉ አፋቸው አያርፍም፤ «አፍነህ ልትገድለው! አፍነህ ልትገድለው!» ይላሉ፣ ጣሊያኑ አጠገባቸው የቆመ ይመስል።

አንድ ቀን አንድ ሹም መጣና «እድሳቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አላቸው። አያ ፈረደ ቀና እንኳ ሳይሉ «እድሳት የሚባል ሥራ አላውቅም። የሚያድስ እግዜር ነው። ጥገናውን ከሆነ ገና ነኝ» አሉት። ሹሙ ደነገጠ። እኛ ሳቃችንን ዋጥን።

ማታ ማታ ከሳቸው ጋር ነበር ወደ ቤት የምሄደው፤ በከተማው ዘመድ ስላልነበረኝ ምድር ቤታቸው ውስጥ ነው የማድረው። በየመንገዱ ግንብ ያስነብቡኛል። «ይሄ ማን የሠራው ነው?» ይላሉ፤ ከሳትኩ ኩርኩም አለ። በቀይ ድንጋይ የተቀረጸው ቅስት የነገሥታቱ ነው። በጭቃ የተያያዘው ክብ ቤት የካህናቱና የመኳንንቱ ወገን፣ ያኔ ክዳኑ ሣር ነበር። ከተማዋ በቴዎድሮስ፣ ኋላም በደርቡሽ ጊዜ ስትቃጠል ሰዉ ተበተነ፤ የተመለሰው ደግሞ ከፈረሰው ላይ ድንጋይ እየለቀመ አጥሩን ሠራ። ቢጫ ቀለም የተቀባው፣ ቀጥ ያለው መንገድና የፒያሳው ፎቅ የጣሊያን ነው። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። «ከተማ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ መሰለህ?» ይሉኛል፤ «ስትፈርስ ነው የኖረችው።» እኔ ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም፤ እራቴን ነበር የማስበው።

የራሳቸው ቤት ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወረድ ነው። ክብ፣ ባለ ደርብ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር። ያን ጊዜ በሰፈሩ የሱ ዓይነት ብዙ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ እንደ ልጃቸው አድርገው አብልተውኛል፤ ልጃቸውን ብርቱካንን አዝያታለሁ። አያ ፈረደ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ይሄ እኔንም አንተንም ይቀብራል» ይሉ ነበር። እሳቸውን ቀብሯቸዋል፤ እኔ ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም።

ያ ክፉ ዘመን መጣና በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ። ስለ መንገዱ ሌላው ብዙ ብሏል፤ እኔ አልደግመውም። ከገዳሪፍ ቶሮንቶ መጣሁ፤ እንግሊዝኛ የለኝ፣ ወረቀት የለኝ፣ ያለኝ እጄ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አለቃዬ ቪቶ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ከስካፎልዱ ላይ ሆኖ ወደ ታች ይጮሃል፤ ምን እንደሚል ለማንም አይገባም። «ፒዮምቦ!» አለ። እኔ ቱንቢ ያለ መስሎኝ ቱንቢውን አቀበልኩት፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበትን፣ ክር ላይ የታሰረውን እርሳስ። «ፌሮ!» ሲል ብረቱን ሰጠሁት። «ባሬላ!» ሲል እየሮጥኩ ይዤ መጣሁ። ይህ ሰውዬ አማርኛ ከየት አመጣ ብዬ ደንግጫለሁ እኮ! እሱ ደግሞ ከኔ ብሶ ወርዶ መጣና «አንተ! ጣልያንኛ የት ተማርክ?» አለኝ። «እኔ ጣልያንኛ አልችልም!» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ የማውቃት እሷኑ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በእጅም በእግርም ተግባባን። ቱንቢውም፣ ባሬላውም፣ ፌሮውም የነሱ ነው ለካ! እኔ እነዚህን ቃላት የጎንደር ግንበኞች ከጥንት ጀምሮ የምንጠራበት የራሳችን ይመስሉኝ ነበር። አያ ፈረደ ያን ሁሉ ጣሊያን ሲረግሙ በጣሊያን አፍ ነበር ቱንቢ የሚያስመጡት። ቪቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። እኔ ግን ደንግጬ ስለነበር ምሳዬን እንኳ አልበላሁም።

በሥራዬ የወደቅኩትን አንድ ውድቀትም ልንገራችሁ። ከሴንት ጄምስ ታውን ዝቅ ብሎ ባሉት የድሮ ቤቶች አንዱን ግድግዳ ለብቻዬ እንድሠራ ተላክሁ፤ ቪቶ ታሞ ነበር። መኪናው ላይ ያለው ስሚንቶ ነው። ካናዳ መጥቼ ኖራ ማን ያስታውሳል? የሠለጠነ አገር ነው ብዬ በስሚንቶ ሞላሁት፤ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ ጠሩን። ሸክላው ፊት ፊቱን ተልጦ መሬት ላይ ፈሷል። ሴትዮዋ ስባሪውን በባልዲ ለቅመው ይዘውልናል፤ አልተቆጡም፣ «ይሄን ቤት አባቴ ነው የሠራው» ብቻ አሉን። ቪቶ ከባልዲው አንድ ስባሪ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ኤዲ፣ አፍነኸዋል» አለኝ፤ ታዴ ማለት አይሆንለትም። ያንኑ የአያ ፈረደን ቃል! በጋውን በሙሉ ያንን ስሚንቶ በመሮ ስንነቅል ከረምን፤ ከሸክላው ግን ብዙው አልዳነም። ዛሬም በዚያ መንገድ አላልፍም።

ከዚያ ወዲህ የኖራ ሰው ሆንኩ። ቪቶ ሲሞት መዶሻውን ልጆቹ ለኔ ሰጡኝ። ቤተ ክርስቲያን፣ ባንክ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጭስ መውጫ ሁሉ ጠግኛለሁ። ደመወዙ ደህና ነው፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ። የሚገርመው ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራዬ ሲያልቅ በልቤ የማሳየው ለአያ ፈረደ ነበር።

እና ጡረታ ወጥቼ ቤቴ በተቀመጥኩ በዚያው ሰሞን ብርቱካን ኮል አደረገችኝ። ያቺ ያዘልኳት ልጅ ዛሬ ራሷ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ትንከባከባለች፣ የምትኖረው ክሬሰንት ታውን ነው። «ጋሽ ታዴ፣ የእማዬ ቤት ሆዱ ተነፍቷል» አለችኝ።

በሳብዌይ ባቡር ሄጄ ቤቷ ገባሁ፤ ቪዲዮውን አሳየችኝ። እውነትም ግድግዳው በአንድ ወገን ወደ ውጭ ተገፍቷል። ጎንደር ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ዝናብ ከጠጣ ይወድቃል፣ ውስጡ ደግሞ እትዬ ዘውዴ ብቻቸውን አሉ። ሰፈሩን ሳየው ደነገጥኩ። ግራም ቀኝም ብሎኬትና መስታወት ነው፤ ያ ሁሉ ክብ ቤት የት ገባ? የአያ ፈረደ ቤት ብቻውን ቀርቷል። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ ሐሳቤ አንድ ሆነ፤ ይህ ቤት አይወድቅም። ዕድሜ ልኬን የፈረንጅ ግድግዳ ጠግኜ ይሄንን ካስበላሁ ምኑን ግንበኛ ሆንኩ?

ብርቱካን ኢንጂነር ሰለሞን የሚባል ጎንደር ያለ የሰፈር ልጅ አግኝታ ነበር። በቪዲዮ አገናኘችን። ቀጭን፣ ሥርዓት ያለው ወጣት ነው። እኔም ጀመርኩ፤ ጣሪያው በእንጨት ይደገፍ፣ ያበጠው ብቻ ከላይ ወደ ታች ድንጋይ በድንጋይ ይውረድ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ በቀለም ቁጥር ይጻፍበት፣ ከዚያ በየቦታው ይመለስ። «በአጭሩ ሪስቶር ይደረግ» አልኩት።

ብርቱካን ጣልቃ ገባች። «ይታደስ ማለቱ ነው፣ ሶል።»

«ኧረ ይጠገን በይ!» አልኳት።

«ያው አይደል እንዴ ጋሽ ታዴ!»

«ያው አይደለም!»

«ገባኝ ጋሼ፣ አያስቡ» አለ ሰለሞን። «የሰፈሩ ወጣቶችም ይረዱናል፤ ክረምት ክረምት የአረጋውያን ቤት እናድሳለን እኮ።» ደስ አለኝ። መረቅኋቸው።

ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ጠዋት ከገበያ ተመልሼ ሕንፃችን ሥር ኤለቬተር እጠብቃለሁ፤ እንደ ልማዱ አንዱ ተበላሽቷል፣ ሰዉ ተኮልኩሏል። ብርቱካን ቪዲዮ ላከች። ከፈትኩት። ወጣቶች ናቸው፣ አካፋና ዶማ ይዘው፣ ተመሳሳይ ካናቴራ ለብሰው ያጨበጭባሉ። ከኋላቸው ሰማይ ይታያል። ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ቤቱስ? ቤቱ የታል? ቪዲዮው ዞር ሲል የድንጋይ ክምር አየሁ፤ ክምሩ ላይ ያ የውጭ ደረጃ፣ ወደ የትም የማያወጣ ሆኖ ቆሟል።

ክው አልኩ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሽንኩርቱ ተንከባለለ። አንዲት የፊሊፒን ጎረቤቴ ሮጣ መጥታ «ናይን ዋን ዋን ደውዬ አምቡላንስ ልጥራ?» ትለኛለች። «ቤት ፈርሶብኝ ነው!» አልኳት በአማርኛ። ምስኪን፣ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

ክሬሰንት ታውን እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብርቱካን በሩን ስትከፍት ዓይኗ ቀልቷል። ገና ሳልቀመጥ ጮህኩባት።

«ይታደስ አልሽ! ይኸው አደሱልሽ! እዚያ አገር የሽማግሌ ቤት ማደስ ማለት አፍርሶ መሥራት እንደሆነ አታውቂም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ ታዴ! እዚህ ኪችን ሲያድሱ ሕንፃ ይፈርሳል እንዴ? ያባቴ ቤት እኮ ነው፣ ለኔ አያመኝም?»

እውነቷን ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ «ደውዪለት» አልኳት።

ሰለሞን ገና ጤና ይስጥልኝ ሳይል ወረድኩበት። አፍራሽ አልኩት፣ ደርቡሽ አልኩት፣ ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጠው ጠየቅኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ስጨርስ «ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለና ስልኩን ወደ ክምሩ አዞረው።

በጭቃውና በክብ ድንጋዩ መሐል ሌላ ድንጋይ አለ። ቀይ፣ በመሮ የተቀረጸ፣ ጎበጥ ያለ፤ የቅስት ድንጋይ። ጀርባው ላይ ነጭ ኖራ ተጣብቆበታል። አንድ አይደለም፤ ሰለሞን እየዞረ ያሳየኛል፣ አለ፣ አለ፣ አለ። የነገሥታቱ ሥራ ነው! ከየትኛው አዳራሽ፣ ከየትኛው ደጀ ሰላም እንደወደቀ እግዜር ይወቅ። እኔ ጥንታዊ ብዬ የማለቅስለት ቤት ከሱ በፊት የነበረውን ከተማ በልቶ ነው የቆመው። ራሴን ይዤ ቀረሁ።

«ይሄንንስ ጋሼ? ካበጠው ቦታ ነው ያወጣነው» አለ ሰለሞን።

አየሁት። ስሚንቶ ነው፤ ትልቅ ቁራጭ፣ ፌሮ የወጣበት፤ ያበጠው ቦታ ላይ የተወተፈ። የጣሊያን ስሚንቶ። ዙሪያው ተጣብቆ የቀረውን ጥገና አወቅሁት፤ ማያያዣው እንዴት እንደተጫነ፣ ጣታቸውን እንዴት እንዳሳለፉበት። የአያ ፈረደ እጅ ነው። እኒያ ጣሊያንን ሲረግሙ የኖሩ ሰው የነቀሉትን ስሚንቶ ቤታቸው ወስደው ግድግዳቸው ውስጥ ከተውታል! ግድግዳውም ያበጠው እዚያው ላይ ነው። ብርቱካን «ምንድን ነው? ምን አየህ?» ትለኛለች፤ እኔ ስሚንቶውን በጣቴ ስክሪኑ ላይ አሳየኋት።

ቢሆንም እልክ ያዘኝ። «ስማ» አልኩት ሰለሞንን፣ «ድንጋዩ እንዳይነካ። ይለይ፣ ይከመር፣ ሸራ ይልበስ። ክረምቱ ሲወጣ እኔ ራሴ እመጣለሁ፤ እንደነበረ አድርጌ እገነባዋለሁ። እትዬ እስከዚያ ጎረቤት ይቆዩ።»

ሰለሞን ጎንበስ አለ። ከዚያ ከመሬት አንድ ድንጋይ አንስቶ ወደ ስልኩ አቀረበው። በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል። ሌላ አነሳ፤ እሱም ተጽፎበታል።

«ያሉኝን ጀምሬ ነበር ጋሼ» አለኝ። «ማደስና መጠገን አልተምታታብኝም።»

«ታዲያ ማን ነው አፍርሱ ያለህ?»

ስልኩ ከእጁ ወጣ። ስክሪኑ ተንቀጠቀጠና ነጠላ ታየ፤ ከዚያ የእትዬ ዘውዴ ፊት። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ታዴ፣ ስትጮህ ሰማሁህ። ልጁን ተወው» አሉኝ። «እኔ ነኝ አፍርሱልኝ ያልኩት።»

«እትዬ! ለምን? የአያ ፈረደን ቤት?»

«አዎ፣ የፈረደን ቤት። ፈረደ የንጉሥ ቤት ሲጠግን ኖረ። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያፈሰው ሥር ሳፋ ሳዟዙር ኖርኩ። 'ነገ አየዋለሁ' ይለኛል። ነገ ደግሞ ግንቡ አለ። አንዴ ብጨቀጭቀው ያንን የጣሊያን ኮተት አምጥቶ ወተፈበት፤ ከዚያ ወዲያማ ዞሮም አላየው።»

ብርቱካን ስልኩ ላይ አጎነበሰች። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? አንቺ 'ያባቴ ቤት፣ ያባቴ ቤት' ትያለሽ። ታዴ ይሄን ያህል አገር ርቆ ለግድግዳው ያለቅሳል። ልጄ፣ ያ ቤት መስኮት አልነበረውም። ጨለማ ነው። አንቺን የወለድኩ ጊዜ ሴቶቹ 'ቆንጆ ናት' ይሉኛል፤ እኔ አይታየኝም። ገና ደሜ ሳይደርቅ ተነስቼ፣ ግድግዳውን ተደግፌ በር ድረስ ወጣሁ። ፊትሽን ያየሁት እዚያ ነው፣ በር ላይ።»

ብርቱካን አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በዚያ ቤት ስንት ዓመት አድሬአለሁ። ግድግዳው በምን እንደተያያዘ አውቃለሁ፣ የትኛው ድንጋይ የትኛውን እንደሚሸከም አውቃለሁ። መስኮት እንደሌለው አንድም ቀን አላሰብኩም። በሕይወቴ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም።

ሰለሞን ከጎን ሆኖ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ የተቀረጸውን ድንጋይ መሠረቱ ውስጥ ልከተው? ብሎኬቱ ነገ ይደርሳል» አለ።

«ክተተው» አልኩት። «ብሎኬቱን ቀጥል፤ ዝናቡ ሳይቀድምህ።» ከዚያ «እትዬ» አልኳቸው፣ «መስኮቱ በየት በኩል ይሁንልዎ?»

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እንደ ልጃገረድ ሳቁ።

«በሁሉም በኩል» አሉኝ።